ቀለለ ብላችሁ አትመልሱት፦ የማውስ ታሪክ ከእንጨት ሣጥን እስከ 60 ግራም

ሐዋሳ ፒያሳ ከሚገኙ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች በአንዱ ቻርጀር ልገዛ ቆሜ ነበር። ሃያ ዓመት የማይሞላው ልጅ ሁለት ማውስ በሁለት እጁ ይዞ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። አንደኛውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ይሄ ባዶ ነው እንዴ? ውስጡ ዕቃ ያለው አይመስልም» አለ። ባለሱቁ «ኧረ ወንድሜ፣ የጌም ነው፤ የተወደደው እኮ ስለቀለለ ነው» አለው። ልጁ የተቀለደበት መስሎት ሳቀ። ከበድ የሚለውን ከፍሎ ሄደ።

አልፈርድበትም። እኛ አገር ዕቃ የሚመረጠው በእጅ ተመዝኖ ነው። ቁልፍ በሉት፣ የእጅ ሰዓት በሉት፣ ድስት በሉት፤ ከበድ ካለ «ኦርጅናል» ነው፣ ከቀለለ ፎርጅድ ነው። ቋንቋችንም ከዚሁ ጋር ነው። የምናከብረውን «ከበድ ያለ ሰው» እንለዋለን፤ ክብሩን የጣለውን ደግሞ «ቀለለ» እንላለን። አምራቾችም ይህን ያውቃሉ። አንዳንድ ርካሽ ማውስ ብትፈቱ ውስጡ በብሎን የታሰረች የብረት ቁራጭ ታገኛላችሁ። ከኤሌክትሪኩ ጋር የሚያገናኛት ምንም ሽቦ የለም። እዚያ የተቀመጠችው ገዢው በእጁ ሲመዝን እንዲያምን ብቻ ነው።

ዛሬ ስለዚች ትንሽ ዕቃ ልጽፍ የተነሳሁት ጉዳዩ ከጌም በላይ ስለሆነ ነው። ይህች ከተማ ውስጥ በቪዲዮ ኤዲቲንግ፣ በግራፊክስ፣ በአርክቴክቸር ሥዕል፣ በኦንላይን ሥራ የሚተዳደሩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ቀኑን ሙሉ እጃቸው ማውስ ላይ ነው። የሚገዙትን ሲመርጡ የሚመሩት ግን ወይ በክብደት ነው፣ ወይ ካርቶኑ ላይ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር። ሁለቱም ያሳስታሉ። ለምን እንደሚያሳስቱ ለማየት ከመጀመሪያው መነሳት ይሻላል።

ማውስ የተወለደው ከእንጨት ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ዳግላስ ኢንግልባርት የሚባል መሐንዲስ ያፈለቀውን ሐሳብ ባልደረባው ቢል ኢንግሊሽ ሠራው። ከውጭ ሲታይ ከመዳፍ የማይተርፍ የእንጨት ሣጥን ነው። ከሥሩ ሁለት ጎማዎች አሉት፤ አንዱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ሌላው ወደ ጎን የሚዞር። ከላይ አንድ ቀይ ቁልፍ አለው። ገመዱ መጀመሪያ የሚወጣው በእጅ አንጓ በኩል ነበር፤ እያደናቀፈ ሲያስቸግር ወደ ፊት አዞሩት። ጅራት ስለሚመስል አይጥ ተባለ። ስሙን ማን እንዳወጣው ኢንግልባርት ራሱ አላስታወሰም። (በአማርኛም «መዳፊት» የሚል ስም ወጥቶለታል። ሱቅ ገብቶ «መዳፊት አለ?» ሲል የሰማሁት ሰው ግን እስካሁን የለም።)

ያን ጊዜ ማውስ ብቻውን አልነበረም። ከናሳ በተገኘ ገንዘብ ተመራማሪዎቹ የተለያዩ መጠቆሚያዎችን አወዳድረው ነበር። ስክሪን ላይ የሚያርፍ የብርሃን ብዕር፣ ጆይስቲክ፣ ጠረጴዛ ሥር ተገጥሞ በጉልበት የሚነዳ መሣሪያ ጭምር ቀርቧል። በለመዱት ሰዎች እጅ አሸናፊው ማውስ ሆነ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 ኢንግልባርት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ 90 ደቂቃ በፈጀ ትዕይንት ለሕዝብ አሳየው። በዚያው ዓመት፣ ከዚህ ትዕይንት ጥቂት ሳምንታት ቀድሞ፣ የጀርመኑ ቴሌፉንከን የራሱን ባለ ኳስ ማውስ አስተዋውቆ ነበር። እሱን ግን ዛሬ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው።

የባለቤትነት መብቱ እ.ኤ.አ. በ1970 ጸደቀ። የተመዘገበው ግን በተቋሙ ስም ነበር። ኢንግልባርት በኋላ እንደተናገረው ተቋሙ ለአፕል ፈቃድ የሸጠው በ40 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። በዓለም ላይ ያለ ሰው ሁሉ የነካውን ዕቃ የፈጠረው ሰው እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሞት ከማውስ ያገኘው ሀብት አልነበረም። ዓላማውም መጀመሪያውኑ ሌላ ነበር፤ የሰው ልጅ ከባድ ችግሮችን በጋራ እንዲያስብባቸው የሚረዳ መሣሪያ መሥራት ነበር የፈለገው።

ቢል ኢንግሊሽ ወደ ዜሮክስ ተዛወረ፤ እዚያም ጎማዎቹ በኳስ ተተኩ። ኳሷ እኛ የምናውቃት ናት፤ ቆየት ብዬ እመለስባታለሁ። የዜሮክስ ማውስ 300 ዶላር ያህል የሚያወጣና ቶሎ የሚበላሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ስቲቭ ጆብስ ለዲን ሆቬይ የዲዛይን ቡድን የሰጠው ትእዛዝ አጭር ነው፦ ከ15 ዶላር በታች ይሠራ፣ ዓመታት ይቆይ፣ ማንኛውም ጠረጴዛ ላይ ይሂድ። እንዲያ የተሠራው ማውስ በ1983 ከሊሳ፣ በ1984 ከማኪንቶሽ ጋር ገበያ ወጣ። ከ300 ወደ 15። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ ወደ ዛሬው ዋጋ ስንመጣ እፈልገዋለሁ።

ወደ እኛ አገር የገባው በጽሕፈት በኩል ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደላችንን በጽሕፈት መኪና ላይ ለማዋል ከደከሙበት ዘመን ጀምሮ የጸሐፊ እጅ የሚያውቀው ቁልፍ መምታት ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ ኪቦርዱ አልከበደም፤ የጽሕፈት መኪናው ዘመድ ነው። ያስቸገረው ማውሱ ነው። ማውሱን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው አየር ላይ የሚያንቀሳቅሱ፣ ወደ ስክሪኑ አዙረው እንደ ሪሞት የሚጫኑ ሰዎች ታሪክ በየማሠልጠኛው ይወራ ነበር። ታዲያ እጃቸውን ያፍታታው ማን ነበር? «ካርታ»! ማይክሮሶፍት ሶሊቴርን ከዊንዶውስ 3.0 ጋር እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ሰው መጎተትና መልቀቅን እየተጫወተ እንዲለምድ ነው። በየመንግሥት ቢሮው «ባለጉዳይ አቁመው ካርታ ይጫወታሉ» እየተባለ የተወቀሰው ሠራተኛ ማውስ መያዝን የተማረው በዚያው ካርታ ነው። ጌም የማውስ ባዕድ ነው ለሚሉ ሰዎች ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

ኢንተርኔት ለሕዝብ የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽኑ በኩል ነው። ኢንተርኔት ካፌዎች እየተስፋፉ ሲሄዱ ኳሷ አብራ መጣች። በዚያ ዘመን ካፌ የገባ ሰው ሁሉ ሥርዓቱን ያውቀዋል። ጠቋሚው አልሄድ ሲል ማውሱ ይገለበጣል፣ የሥሩ ክብ ክዳን ይዞራል፣ ኳሷ ትወጣለች፣ ከዚያ በውስጥ ያሉት ትናንሽ ዘንጎች ላይ የተጠቀለለው ጥቁር እድፍ በጥፍር ይፋቃል። ኳሷን እፍ ብሎ መመለስ ግዴታ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አይታወቅም። የት/ቤት ላብራቶሪ ገብታችሁ ኳሷ የተሰረቀች ማውስ ገጥሟችሁ ከሆነ እናንተም የዚያ ትውልድ ናችሁ። ኳሷ በላስቲክ የተሸፈነች ብረት ስለነበረች ማውሱ ይከብድ ነበር፤ ካልከበደች ኳሷ ትንሸራተታለች እንጂ አትዞርም። እንግዲህ «ከባድ ማውስ ጥሩ ነው» የሚለው እምነታችን አንድ ጊዜ እውነት ነበረው ማለት ነው።

እውነቱ ያበቃው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማይክሮሶፍት ኢንቴሊማውስ ኤክስፕሎረርን ሲያወጣ ኳሷ ቀርታ በቦታዋ ትንሽ ካሜራ ገባች። ካሜራዋ የጠረጴዛውን ገጽ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ፎቶ እያነሳች ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ታሰላለች። ካሜራ ክብደት አያስፈልገውም። አምራቾቹ ግን ለዓመታት ልማዱን አልለቀቁም፤ እንዲያውም ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣው ጂ5 ተጫዋቹ ክብደት እንዲጨምርበት ተብሎ ትናንሽ የብረት ቁራጮች ነበሩት። የሐዋሳው ልጅ ብቻውን አልነበረም ለማለት ያህል ነው።

አስተሳሰቡን የለወጡት ተጫዋቾች ናቸው። ኩዌክ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጣ ብዙው ሰው ተኩስ ጌሞችን የሚጫወተው በኪቦርድ ብቻ ነበር። ዴኒስ ፎንግ የሚባል፣ «ትሬሽ» በሚለው ስሙ የሚታወቅ ወጣት በግራ እጁ እየሮጠ በቀኝ እጁ በማውስ እያየ ተጫወተ። በ1997 በተደረገው ውድድር አሸንፎ የጌሙን ፕሮግራመር የጆን ካርማክን ፌራሪ ተሸለመ። ከዚያ ካውንተር ስትራይክ መጣ፤ እሱን እኛም እናውቀዋለን፣ በየዶርሙ ኮምፒውተሮች በኬብል ተያይዘው የታደረበት ጌም ነው። እነዚህ ተጫዋቾች ጠቋሚው በጣም እንዳይፈጥን አድርገው ክንዳቸውን ሙሉ ያንቀሳቅሳሉ። ማውሱን ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ ያስፈነጥሩትና በቅጽበት ያቆሙታል። የሚያስፈነጥሩት ነገር በቀለለ ቁጥር ማስነሳቱም ማቆሙም ይቀላል፤ ክንዱም ቶሎ አይደክምም። ይህ የኒውተን ሕግ ነው፤ ማስታወቂያ አይደለም።

ግን ሽቦ አልባ ማውስ እንዴት ይቅለል? ሎጂቴክ በሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ማውስ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀምሮ ነበር። ችግሩ ባትሪው ነው። በግድግዳ ሰዓት የሚገባው ደብል ኤ ድንጋይ አንዱ ብቻ 23 ግራም ያህል ይመዝናል። የቀድሞዎቹ ደግሞ ሁለት ይፈልጋሉ፣ ምልክታቸውም ይዘገያል። ስለዚህ ተጫዋቹ ከገመዱ ጋር መታገልን መረጠ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ማውስን ያቀለለው በዋናነት ፕላስቲኩን ማሳሳት አይደለም። ካሜራዋ ኤሌክትሪክ መቆጠብ ስትማር ባትሪው አነሰ፤ ባትሪው ሲያንስ ማውሱ ቀለለ። ሎጂቴክ እ.ኤ.አ. በ2018 ጂ ፕሮ ዋየርለስን በ80 ግራም አወጣ። በ2020 መጨረሻ ሱፐርላይት የሚባለው ከ63 ግራም በታች ሆኖ መጣ፣ አንዴ ተሞልቶ 70 ሰዓት እንደሚቆይ ተነግሮለት። ሌሎች ደግሞ ሽፋኑን እንደ ማር እንጀራ በሳሱት፤ የፋይናልማውስ ኤር58 በስሙ እንደተጻፈው 58 ግራም ነው፣ ገመድ ቢኖረውም። ሬዘር በ2022 ሽቦ አልባውን ቫይፐር ቪ2 ፕሮ ምንም ቀዳዳ ሳያበጅለት 58 ግራም አደረሰው። ያ ልጅ «ባዶ ነው» ያለው ባዶነት የሃያ ዓመት ምሕንድስና ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሱፐርላይት ሲወጣ ዋጋው 150 ዶላር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ይፋ ሆነ፤ በዚያው ወር በ22ኛው ቀን ደግሞ ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት በነበረው 57 ብር ሒሳብ ያ ማውስ 8,550 ብር ነው። ዶላሩ 120 ሲገባ 18 ሺህ ሆነ፤ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር። ወጣቱን «ዲጂታል ሁን» ያለው መንግሥትና የወጣቱን መሣሪያ በእጥፍ ያስወደደው ውሳኔ በአንድ ወር ውስጥ ተገናኙ። የምንዛሪ ለውጡ አስፈላጊ ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ እዚህ አልገባበትም። እኔ የምለው ወጣቱን ለዲጂታል ሥራ እያዘጋጀን ከሆነ የሥራ ዕቃው ከሽቶና ከጌጥ ጋር በአንድ ዓይን መታየት የለበትም ነው።

ከቤታችን ንጽጽር ልስጥ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ማእከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት ጽፏል። በዚያ ሒሳብ አንድ ሱፐርላይት ወደ ስድስት ወር የሚጠጋ ደመወዝ ነው። ከዚህ በኋላ «ምርጡን ግዙ» ብዬ ብመክራችሁ ቀልድ ይሆናል።

ደግነቱ ከ300 ወደ 15 የወረደው ታሪክ እየተደገመ ነው። ዛሬ አታክ ሻርክ ኤክስ3ን የመሰሉ የቻይና ማውሶች 50 ግራም አካባቢ እየመዘኑ፣ ከጥቂት ዓመት በፊት በውድ ማውሶች ብቻ ይገኝ የነበረ ዓይነት ሴንሰር ይዘው፣ ከዚያ ዋጋ በብዙ እጅ አንሰው ይሸጣሉ። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ደግሞ የሎጂቴክ ጂ305 አለ። በአንድ ደብል ኤ ድንጋይ እስከ 250 ሰዓት ይሠራል ተብሎለታል። ወደ 100 ግራም ስለሚጠጋ ቀላል ከሚባሉት አይመደብም፤ ግን ድንጋዩ አቶቴም ይገኛል፣ መናኸሪያም ይገኛል። አልካላይን የሚል የተጻፈበትን ግዙ፤ ርካሹ ቶሎ ይሞታል። ውስጡ የሚሞላ ባትሪ ያለውም ቢሆን አያስፈራም፤ ከላፕቶፕ ወይም ከፓወር ባንክ ይሞላል።

ስትመርጡ ከክብደት ቀጥሎ እጃችሁን እዩ። መዳፉን ሙሉ የሚያሳርፍ ሰው ጉብ ያለና ረዘም ያለ ይመቸዋል፤ በጣት ጫፍ የሚይዝ ሰው አነስ ያለ ዝቅ ያለ። ስለዚህ በካርቶኑ አትግዙ፤ አስወጥታችሁ ያዙት፣ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፣ ነቅንቁት። ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ከሆነ ተዉት። ቀለለ ብላችሁ ግን አትመልሱት።

የካርቶን ቁጥር ሌላው ወጥመድ ነው። «26,000 ዲፒአይ» የሚል ታያላችሁ። ፕሮፌሽናል የሚባሉት ተጫዋቾች አብዛኞቹ ከ400 እስከ 1,600 ባለው ውስጥ ናቸው። 800 ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ለኤዲቲንግም ለጌምም ይበቃል። ከዚያ ዊንዶውስ ውስጥ የጠቋሚውን ፍጥነት በራሱ የሚያጣድፈውን አማራጭ አጥፉት፤ እጃችሁ ርቀትን መልመድ የሚችለው ያኔ ነው። «8,000 ኸርዝ» የሚለውም እንዲሁ። ተራ ማውስ በሰከንድ 125 ጊዜ፣ ማለትም በየ8 ሚሊሰከንዱ ለኮምፒውተሩ ሪፖርት ያደርጋል። 1,000 ኸርዝ ያለው በየ1 ሚሊሰከንዱ ነው፣ ልዩነቱም ይታወቃል። ከዚያ በላይ ያለው ግን ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ ባትሪ መጨረስ ብቻ ነው፤ ስክሪኑ ራሱ ሥዕሉን የሚቀይረው በየ16 ሚሊሰከንዱ ነዋ! በኦንላይን ስትጫወቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ አለ። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚሄድ ደርሶ መልሱ በምንም ተአምር ከ50 ሚሊሰከንድ አያንስም። ኬብላችን በጎረቤት አገሮች ዞሮ ስለሚወጣ እውነተኛው ጊዜ ከዚህም ይበልጣል። ለዚያ መፍትሔው ቅርብ የሚገኝ ሰርቨር ነው፤ የትኛውም ማውስ አያሳጥረውም።

ብሉቱዝ ካለው በትንሿ ዩኤስቢ ተጠቀሙ፤ ብሉቱዙ ለጽሑፍ ይበቃል፣ ለጌም ይዘገያል። ዩኤስቢዋን ከላፕቶፑ ጀርባ አትደብቋት። ሰማያዊ ቀለም ባለው ፈጣን ዩኤስቢ ቀዳዳ አጠገብ ሃርድ ዲስክ ሲሰካ የሬዲዮ ሞገዱ ሊረበሽ ይችላል፤ በማራዘሚያ ገመድ ወደ ማውሱ ብታቀርቧት ጠቋሚው መዝለሉን ይተዋል። መስታወት ጠረጴዛ ላይ አብዛኛው ማውስ ይታወራል። የጨርቅ ፓድ ከሌለ የደብተር ካርቶንም ይሠራል፣ በሐዋሳ አቧራ ግን ቶሎ ቶሎ ጥረጉት። ከሥር ያሉት ነጫጭ እግሮች ቴፍሎን ናቸው፤ አቧራ ይፍቃቸዋል፣ ሲያልቁ ማውሱ መጎተት ይጀምራል።

ከዓመት ሁለት ዓመት በኋላ አንዴ ስትጫኑ ሁለቴ መቁጠር ከጀመረ አትጣሉት። ያረጀው ከቁልፉ ሥር ያለው ትንሽ ስዊች ነው። የእኔ እንዲህ ሲሆንብኝ ለአንድ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩት። በካውያ አነሳና ከሌላ የወደቀ ማውስ አውጥቶ ተካልኝ። ያ የወደቀው ማውስ ጠረጴዛው ላይ ተገልብጦ ሆዱ ክፍት ነበር። በመካከሉ በሁለት ብሎን የታሰረች የብረት ቁራጭ አለች። «ይቺ ምንድን ናት?» አልኩት። «እሷ? እሷማ ለገዢ ናት» አለኝና ፈትቶ ከሌሎች መሰሎቿ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ ጣላት።